ድምፁን አጥፉና ድብድቡን ብቻ እዩት

ሳቢያን_ማታ | ቅዳሜ ማታ 3:20

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች።

ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ እንደ ልማዱ ዘሎ መጣና ስፒከሬን አቃጠለው። ቴሌቪዥኑ ተረፈ። ምስል አለ፣ ድምፅ የለም። ላሠራው ታይዋን ገበያ ድረስ መሄድ ነበረብኝ። በዚያ ሙቀት ማን ይወጣል?

አጎቴ እኛ ቤት ከርሟል። ዕድሜውን ምድር ባቡር ውስጥ የፈጀ ሰው ነው። ሳይፋይ፣ የሳይንስ ልቦለድ ፊልም ማለት ነው፣ ካልኩት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ያን ቀን ግን ሙቀቱ እንቅልፍ ስለነሳው አብሮኝ ተቀመጠ። የከፈትኩት በፈረንጅ አቆጣጠር የ1980ውን ስታር ዋርስ ነበር። ወጣቱ ሉክ ጥቁር ጭንብል ካጠለቀው ዳርዝ ቬደር ጋር የሚገጥምበት ቦታ ደርሷል። ድምፅ የለ፣ ትርጉም የለ።

ትንሽ አየና «ይሄ ጥቁሩ አለቃው ነው» አለ።

«በምን አወቅክ?»

«ባንድ እጁ ነዋ የሚመታው። ልጁ በሁለት እጁ ይዞ ላብ በላብ ሆኗል። ሰውዬው እየፈተነው ነው። እንዲህ ያለ ሹም ነበረን እኛም።»

ወደ ኋላ መልሼ አየሁት። እውነቱን ነው! ይሄን ፊልም ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አንድም ቀን ልብ አላልኩትም። ቬደር መጀመሪያ ላይ ባንድ እጁ ነው የሚከላከለው፤ ሌላው እጁ ሥራ ፈቷል። ቆይቶ ሉክ ትከሻውን ሲያገኘው ነው ፈተናው የሚያበቃው። ወዲያው የልጁን እጅ ቆረጠው።

ከዚያ በኋላ ስፒከሩን ሆን ብዬ ተውኩት። ሌሎቹንም ያለ ድምፅ አየኋቸው። እስካሁን የደረስኩበት ይሄ ነው፦ ዝላዩና ግልብጡ ስለ ሰውዬው ብዙም አይናገርም። ሌላው ሰው እጁ ላይ የወደቀለት ጊዜ ምን ያደርጋል? እዚያች ሰኮንድ ላይ ነው የሚታወቀው። የ1983ቱን እዩት። ቬደር የሉክን እህት ሲያነሳበት ልጁ ያብዳል። ሥልጠናው ሁሉ ጠፋ፤ እንደ እንጨት ፈላጭ ነው የሚያወርደው። የቬደርን፣ የገዛ አባቱን፣ እጅ ቆረጠ። ከዚያ የተቆረጠውን የብረት እጅ አየ፣ የራሱን የብረት እጅ አየ። ሰይፉን ወረወረው። ለዚህ ትርጉም ያስፈልጋል?

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሙሸበክ | ቅዳሜ ማታ 3:41

አቦ አጎትህ ይመቸው! ሹሙን በአያያዙ አወቀው።

ግን አዲስ ነገር ያገኘህ አታስመስለው። እኛ መጋላ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ስናይ እንግሊዝኛውን ማን ይሰማ ነበር? ድምፁ አለ፤ ለእኛ ግን ያው የለም። አንድ ትልቅ ልጅ ፊት ይቀመጥና «አሁን ወንድሙን ገደሉበት፣ ሊበቀል ነው» እያለ ይተረጉምልናል። ግማሹን ከራሱ ነው የሚፈጥረው። ታዲያ ደጉንና ክፉውን በምን ነበር የምንለየው? በድብድቡ ነዋ። ከኋላ የሚመታ ክፉ ነው። የወደቀው እስኪነሳ የሚጠብቅ አክተሩ ነው። አክተሩ ደግሞ አይሞትም። አበቃ።

ያቺ ሕግ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ጉድ የሠራችኝ። ብሌድ ራነር፣ 1982። እዚያ ላይ ከኋላ የሚተኩሰው አክተሩ ነው! ሴትየዋ ስትሮጥ ጀርባዋን መታት። ክፉ የተባለው ሮይ ባቲ ደግሞ አክተሩን ሲይዘው፣ የሞቱበትን የሁለት ሴቶች ስም እየጠራ ሁለት ጣቱን ሰበረና ሽጉጡን መልሶ አስጨበጠው። በል ሞክር ብሎ። በኋላ ሰውዬው ከጣሪያ ላይ ሊወድቅ ሲል ጎትቶ ያወጣውም እሱ ነው። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ብናየው ኖሮ ግማሹ ልጅ ሳንቲሜን መልስ ይል ነበር። አክተሩ የትኛው እንደሆነ ጠፋና!

የጀጎል_ልጅ | ቅዳሜ ማታ 4:05

የድሬ ልጆች ሲያወሩ ሐረር ዝም አይልም።

«የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» ይባላል። እኛ ደግሞ ጅቡን ማታ ማታ ከጀጎል በር ውጭ ቁጭ ብለን እናየዋለን። ሁሉም ጅብ አንድ ዓይነት አይመጣም። አንዱ ዘሎ ሥጋውን ከእንጨቱ ላይ ነጥቆ ይሮጣል። ሌላው ወገቡን ዝቅ አድርጎ ዙሪያውን ይዞራል፣ መብራት የማይደርስበትን መርጦ። ስም አውጥቶ የሚያበላቸው ሰው በአመጣጣቸው ይለያቸዋል።

የ2005ቱ ስታር ዋርስ ላይ አናኪንና ኦቢ-ዋን እሳተ ገሞራው ዳር ሲገጥሙ ድብድባቸው አንድ ነው። አንዱ የጀመረውን ሌላው ያውቀዋል። መምህርና ተማሪ ናቸዋ። ሁለቱ ተዋናዮች አብዛኛውን ራሳቸው ናቸው የሠሩት፤ ያስታውቃል። እንግዲህ ጠባያቸውን በምን ትለየዋለህ? በእጃቸው አትለየውም። መጨረሻው ላይ ኦቢ-ዋን ከፍ ያለውን ቦታ ያዘና ቆመ። አትሞክር አለው። አናኪን ዘለለ። ሁለት እግሩንና የቀረችውን አንድ የሥጋ እጁን እዚያው ጥሎ ቀረ።

ስለዚህ ሳቢያን፣ እኔ ባንተ አልስማማም። የሰው ጠባይ ሲያሸንፍ ሳይሆን መጠበቅ ሲያቅተው ነው የሚወጣው።

ጥቁር_ቀበቶ | ቅዳሜ ማታ 4:30

ደስ የሚል ወሬ ነው። ግን እንጀራዬ ስለሆነ ልቃወም። ቴኳንዶ አስተምራለሁ።

ፊልም ላይ የምታዩት የገጸ ባሕሪው ጠባይ ሳይሆን የድብድብ አቀናባሪው እጅ ነው። ያ አጎትህ ሹም ያለው ቬደር እኮ አንድ ሰው አይደለም። ቁመቱ የዴቪድ ፕራውዝ፣ ድምፁ የጄምስ ኧርል ጆንስ ነው። ሰይፉን የያዘው ግን በአብዛኛው ቦብ አንደርሰን ነው። በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ለብሪታንያ በፌንሲንግ፣ በሰይፍ ስፖርት፣ የተወዳደረ ሰው። በዚያ ጭንብል ውስጥ ገብቶ ሲዋጋ ማንም አላወቀለትም። በ1983 ሉክን የሚጫወተው ማርክ ሃሚል ራሱ «ለዚህ ሰው ምስጋናው ይድረሰው» ብሎ አወጣው። ስለዚህ ባንድ እጅ መያዙ የፌንሲንግ ልማድ ሊሆን ይችላል።

ሌላ ልጨምር። ማትሪክስ፣ 1999። አክተሩ ኒዮ እጁ እንጂ እግሩ ብዙ አይሠራም። እናንተ ብትሆኑ «ቁጥብ ሰው ስለሆነ ነው» ትሉ ነበር። እውነቱ ኒዮን የሚጫወተው ኪያኑ ሪቭስ ከልምምዱ በፊት አንገቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ነበር። ካልቾ መለማመድ አልቻለም። አቀናባሪው ዩን ዎ-ፒንግ ድብድቡን ለእጁ ሠራለት። ጠባይ አይደለም፣ አንገት ነው!

የእውነት ጠብ ላይማ ሰው የለመደውን ነው የሚያወጣው። ጠባይ ኋላ ነው የሚደርሰው።

ሳቢያን_ማታ | ቅዳሜ ማታ 4:44

አሰልጣኝ፣ የአንገቱን ነገር አላውቅም ነበር። ገደልከኝ።

ግን ያው ማትሪክስ ውስጥ የኒዮን ጠላት ኤጀንት ስሚዝን እየው። ክራባቱ አይዛነፍም። ቡጢው ቀጥ ያለ ነው፤ ማህተም የሚመታ ጸሐፊ ይመስላል። ኒዮ መጨረሻ ላይ ነገሩ ሲገባው ደግሞ ባንድ እጁ ይመክትለታል፣ ፊቱን እንኳን ሳያዞር። የስሚዝ ቡጢ ግን ያኔም ያው ነው፤ ፍጥነት ብቻ ጨመረ። ሌላ ነገር አያውቅማ። ይሄም አንገት ነው?

ኤሌክትሮ_ድሬ | ቅዳሜ ማታ 4:50

ስፒከር አለ። ያልተነካ። ኢንቦክስ አድርጉ። ዋጋ ላይ እንነጋገራለን።

የከዚራ_ጥላ | ቅዳሜ ማታ 5:02

አሰልጣኝ፣ አንቱ ልበል አንተ? ድሬ ነንና አንተ ልበል፣ እንዳትቀየመኝ።

ሪቭስን ካመጣህ እኔ ደግሞ ስፖክን የሚጫወተውን ሊነርድ ኒሞይን ላምጣ። ስታር ትሬክ፣ 1966። ካፒቴን ከርክ ደግና ክፉ ሆኖ ለሁለት የሚከፈልበት ክፍል አለ። ድርሰቱ ላይ ስፖክ ክፉውን ከርክ ከኋላ መጥቶ በሽጉጡ ሰደፍ አናቱን ይለዋል ተብሎ ነበር። ኒሞይ አልተዋጠለትም። ስፖክ በአእምሮው የሚኮራ ፍጡር ነው፤ እንደ ሰፈር ወጠምሻ ሰደፍ አያነሳም። እሱ ራሱ ሌላ ነገር አመጣ። አንገትና ትከሻ የሚገናኙበትን ቦታ በጣቶቹ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ሰውዬው ይተኛል። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም። ከርክን የሚጫወተው ሻትነር ግን ሲቆነጠጥ እጥፍ ብሎ ወደቀለት። በቃ። ያቺ ቁንጥጫ ከዚያ ወዲህ የስፖክ መታወቂያ ሆነች። ይሄን ማን አቀናበረው? የሰውዬውን ጠባይ የሚያውቀው ተዋናይ።

ከርክን ከጎኑ አቁመው። ሸሚዙ ካልተቀደደ ጠብ አልነበረም። ሁለት እጁን አጣምሮ እንደ መዶሻ ያወርዳል። በሁለት እግሩ ዘሎ ይገባል፣ ግማሹን ጊዜ ራሱ ነው መሬት ላይ የሚዘረጋው። እሱ ጠቡን ይወደዋል። ስፖክ ቶሎ እንዲያልቅለት ነው የሚፈልገው።

ሌላ የምወደው ካይሎ ሬን ነው፣ የ2015ቱ ስታር ዋርስ ላይ። ሰይፉ ራሱ ጤና የለውም፤ ይንጣጣል፣ በመስቀለኛው በኩል እሳት ይተፋል። ሰውዬው ቆስሎ በረዶ ላይ ቆሟል። ምን ያደርጋል? ቁስሉን በቡጢው ይደበድባል። ደሙ በረዶው ላይ ይንጠባጠባል። እኛ ጋ ስሙ ያዙኝ ልቀቁኝ ነው። የሚይዘው ሲያጣ ግራ የሚገባው ዓይነት።

ልጆች ሆነን ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ ጠብ ሲነሳ የሚጮኸውን ማንም አይፈራውም ነበር። ሰዓቱን ቀስ ብሎ ፈትቶ ለጓደኛው የሚሰጥ ልጅ ነበር። ጫማውን ያወልቃል፣ ጎን ለጎን አስተካክሎ ያስቀምጣል። እሱ ሲመጣ ሁላችንም ዝም እንል ነበር። ዛሬ የሂሳብ ሠራተኛ ነው። አሁንም ጫማውን እንደዚያው ነው የሚያስቀምጠው፤ አግብቼው አየሁት።

ሙሸበክ | ቅዳሜ ማታ 5:04

«አግብቼው አየሁት»!!! ወላሂ ክሩ እዚህ ላይ መዘጋት አለበት።

ፎርክሊፍት | ቅዳሜ ማታ 5:38

የማታ ተረኛ ነኝ፣ ሥራው ፋታ ሲሰጠኝ ነው የማነባችሁ። ደረቅ ወደብ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። እስካሁን ሪፕሊ አለመነሳቷ አናደደኝ።

ኤሊየንስ፣ 1986። ወታደሮቹ በሙሉ ጠመንጃ በጠመንጃ ናቸው፤ ይፎክራሉ፣ ይሳለቃሉ። እሷን እንደ ጭነት ነው የሚያዩዋት። አንድ ጊዜ ሥራ ልርዳችሁ ትላለች። ያንን ዕቃ መጫኛ መንዳት እችላለሁ፣ ፈቃድ አለኝ ትላለች። እስቲ ይሏታል። ገባችበት። እጅና እግር ያለው ትልቅ ማሽን ነው፣ ሰው ውስጡ ቆሞ የሚነዳው። ከባዱን ሣጥን አነሳችና የት ላድርገው አለች። ሳጅኑ ሳቀ። ያቺን ሳቅ እኔ አውቃታለሁ። አዲስ ገቢ መጀመሪያ ቀን ሳይነካካ ሲያዞር የምንስቃት ሳቅ ናት።

መጨረሻ ላይ ያቺ ንግሥት ጭራቅ ሕፃኗን ስታሳድድ በሩ ይከፈታል። ሪፕሊ በዚያው ማሽን ውስጥ ቆማ ትወጣለች። ከዚህ በኋላ ያለውን እንደ ድብድብ አትዩት። ትይዛለች። ታነሳለች። ከራሷ ታርቃለች። ጉድጓዱን ትከፍትና ታራግፋለች። ይሄ ማውረድ ነው! ወታደሮቹ ሊገድሉ ሄደው አለቁ። እሷ ዕቃው ከዚህ ቦታ ይነሳ አለች፣ አነሳችው።

የኛ ሥራ ላይ መጀመሪያ የሚነገርህ ነገር አለ። ጭነት ከፍ አድርገህ አትዞርም። ዝቅ ታደርገዋለህ፣ ከዚያ ትንቀሳቀሳለህ። ያን የማይሰማ ልጅ አለ፤ ሰው ሲያየው ሹካውን ሰቅሎ ይዞራል። አንዱ የስኳር ጆንያ አራግፎብን ሙሉ ቀን ስንጠርግ ዋልን። ጠባዩን ያወቅነው ያን ቀን አይደለም። ሹካውን ከፍ አድርጎ ፈገግ ያለ ቀን ነው።

ማሽኑን ከሲገርኒ ዊቨር ኋላ የተደበቀ ጉልበተኛ ሰው ነበር የሚያንቀሳቅሰው። ይሄን ሳውቅ ትንሽ ቅር አለኝ። አሰልጣኝ፣ ይሄን ለአንተ ሰጠሁህ።

ጥቁር_ቀበቶ | እሁድ ጠዋት 1:15

ተቀብያለሁ። የስፖክንም ተቀበልኩ። እያደርኩ ስመልሰው አንድ ነገር መጣልኝ፤ ለሁላችሁም የሚሆን።

ዱን፣ 2021። በዚያ ዓለም ሰው በአካሉ ዙሪያ የማይጨበጥ ጋሻ ያደርጋል። ፈጣን ምት ይመልሳል። ቀስ ብሎ የሚገባ ስለት ብቻ ነው የሚያልፈው። ፖል የተማረው እንዲህ ነው። ከዚያ በረሃ ውስጥ ከበረሃው ሰው ከጃሚስ ጋር ያለ ጋሻ ይገጥማል። ስለቱን አንገቱ ላይ አድርሶ ያቆመዋል። እጅ ስጥ ይለዋል። ዙሪያውን የቆሙት ይናደዳሉ፤ ይጫወትበታል እንዴ ይላሉ። እናቱ ናት የምታውቀው። ልጄ ሰው ገድሎ አያውቅም ትላለች።

መጽሐፉ ላይ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። እጁ መጨረሻው ላይ የሚዘገየው ለጋሻ ስለሠለጠነ ነው። እስቲ አስቡት። አንዲት መዘግየት ናት። ሰዎቹ ጭካኔ አሏት። እናቱ ርኅራኄ አለቻት። አስተማሪው ቢኖር ልማድ ይላት ነበር። ሳቢያን፣ እጅ ላይ ሲወድቅለት እዩት ያልከው እዚህ ጋ ይጠፋብሃል።

እኔ ሥልጠና ቤት ልጅ የምለየው ሌላ ቦታ ነው። ሲመታ አላየውም። ለጓደኛው ፓድ፣ የሚመታውን ትራስ፣ ሲይዝ ነው የማየው። አንዳንዱ ፓዱን ያሸሻል፣ ጓደኛው አየር መትቶ እንዲሳቅበት። አንዳንዱ ጓደኛው ደካማ ሲሆን ፓዱን ጠጋ ያደርግለታል፣ ድምፅ እንዲያወጣለት። ያ «ጧ» የምትለው ድምፅ ልጁን ታሳድገዋለች። ሳያስተምሩት ይሄን የሚያደርግ ልጅ በዓመት አንድ ሁለት ቢገኝ ነው።

ፊልም ላይ ፓድ ያዥ ማን ነው ብትሉኝ የማትሪክሱ ሞርፊየስ ነው፣ የኒዮ አስተማሪ። ከኒዮ ጋር ሲለማመድ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይቆማል፣ በእጁ ና ይለዋል። ሲጥለው አይደሰትም። ልጁ ሲፈጥንበት ነው ፊቱ የሚበራው። እሺ፣ ይቺን ጠባይ ናት እላለሁ።

የጀጎል_ልጅ | እሁድ ጠዋት 2:40

የፓዱ ነገር ቆንጆ ነው። እኔ ግን ገላጋዩን ላንሳ፣ ማንም ስላላነሳው።

ብላክ ፓንተር፣ 2018። ፏፏቴው ጫፍ ላይ ለዙፋን ይገጥማሉ። ቦታው አንድ፣ ሕጉ አንድ፣ ግጥሚያው ሁለት። መጀመሪያ አልጋ ወራሹ ቲቻላ ተቀናቃኙን ምባኩን ገደል አፋፍ ላይ አንቆ ይዞታል። እጅ ስጥ፣ ሕዝብህ ይፈልግሃል ይለዋል። ለምኖ ነው ያዳነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ላይ ኪልሞንገር ቲቻላን ሲረታ አንድ ሽማግሌ መሃል ገቡ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔን ውሰደኝ አሉ። ገደላቸው። ቲቻላንም አንስቶ ከገደሉ ወረወረው።

ሌላ አገር ያለ ተመልካች ይሄን እንዴት እንደሚያየው እንጃ። እኔ ያየሁት ከአያቴ ጋር ነው። ኪልሞንገር ሰው ሲገድል ብዙም አላለች። ሽማግሌው ላይ ሲደርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ገላጋይ?» አለች። «ገላጋይ ይገደላል?» ከዚያ በኋላ ኪልሞንገር አባቱ እንዴት እንደተገደለበት ቢነገራት፣ ብሶቱ እውነት መሆኑን ባስረዳት፣ በጭራሽ አልሰማችኝም። ለእሷ ፊልሙ እዚያ አልቋል።

ሳቢያን፣ እዚህ ላይ ያንተው ነገር ይሠራል። ምባኩ በኋላ ቲቻላን በረዶ ውስጥ አስተኝቶ ያኖረው ያቺን ፏፏቴ ስላልረሳት ነው።

ሙሸበክ | እሁድ ከሰዓት 9:10

ከበርጫ በኋላ የመጣ ጥያቄ፦ ጠባይ የሌለው ማሽንስ?

ተርሚኔተር 2፣ 1991። ሮበርት ፓትሪክ ፖሊስ መስሎ የሚሮጠው። በአፍንጫው ብቻ እየተነፈሰ መሮጥ፣ ሲተኩስ ዓይኑን አለማርገብገብ ተለማምዶ ነው የገባበት። ዓይኑን ሳያሽ የሚባለው ይሄ ነው! ሲመቱት አይቆጣም፣ ሲመታ አይደሰትም። እኔ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ካየኋቸው ሁሉ ሌሊት ያስቃዠኝ እሱ ነው።

አርኖልድ ደግሞ ልጁ ሰው አትግደል ሲለው እሺ አለ። ቀጥሎ ያገኘውን ዘበኛ ጉልበቱን መታው። አይሞትም ብሎ! ትእዛዝ እንጂ ርኅራኄ ገና አልገባውም። አቦ ይሄን የመሰለ የመሥሪያ ቤት ሰው አላውቅም አትበሉኝ።

የከዚራ_ጥላ | እሁድ ከሰዓት 9:47

ሙሸበክ ከበርጫ በኋላ ሲሻልህ አየሁ።

ለአሰልጣኝ አንድ ልጨምር። ባትልስታር ጋላክቲካ ላይ አንድ የቦክስ ክፍል አለ፣ 2006 ላይ የወጣ። የጠፈር መርከቡ ላይ ቂም ያለው ሁሉ ማዕረጉን ጥሎ ቀለበት ውስጥ ይገባል። ሽማግሌው አዛዥ አዳማ ጓንት አድርጎ ከሥሩ ያለውን የቴክኒክ ኃላፊ ጠራው። ሰውዬው መጀመሪያ ያፍራል፣ አለቃውን መምታት ፈራ። አዳማ ይነካካዋል። ከዚያ ሰውዬው መታው፣ ደጋገመው። አዛዡ ፊቱ በደም ተነክሮ ተነሳና እኔ ጓደኛህ አይደለሁም አለው። አቅርቤያችሁ ነው የበደልኳችሁ አላቸው ለሁሉም።

ተመትቶ ነው ያዘዛቸው። ይሄን አጎትህ ቢያየው ምን ይል ይሆን? ሹም ያውቃል እሱ።

አሸዋ_ሠፈር | እሁድ ማታ 1:30

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የኛ የሚባል ሳይፋይ የለም እንዴ?

የጀጎል_ልጅ | እሁድ ማታ 1:52

ክረምብስ አለ፣ 2015። እዚሁ አገር የተቀረጸ፣ በአማርኛ የሚነገር፤ ዳይሬክተሩ ግን ስፔናዊ ነው። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ አሉበት። ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ መርከብ አለ። ድብድብ ፈልገህ ከሆነ ግን ተወው፣ ትበሳጫለህ። እኔ ለብቻዬ ሁለት ጊዜ አየሁት፣ ሁለቱንም ጊዜ ለማንም መንገር አልቻልኩም።

ሳቢያን_ማታ | ሰኞ ማታ 2:15

ስፒከሩን አሠራሁት። አይ፣ ከኤሌክትሮ_ድሬ አልገዛሁም፣ ዋጋው አይቀመስም።

አጎቴ ግን «ድምፁን አጥፋው» አለኝ። ለምዶታል።

መጀመሪያ ሉክ ሰይፉን የሚወረውርባትን አሳየሁት። ይሄው ሐሳቤ የተነሳባት ቦታ። አየ አየና «ሞኝ» አለ። በቃ። ሌላ ቃል አልጨመረም። አሰልጣኝ አሁን ይስቃል።

የቦክሱን አሳየሁት። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ አየ። አዛዡ በደሙ ቆሞ ሲናገር «እንዲህ ላለ ሹም ነበር የምንሠራለት» አለ። ስለ ማን እንደሆነ አልነገረኝም። ሻይ ጠየቀ።

ከዚያ ስፖክን። ቁንጥጫዋን አይቶ አላመነም። መልሳት አለ። መለስኩለት። እንደገና አለ። ስድስት ጊዜ ያህል አስደገመኝና በሳቅ ሳል ያዘው። ውሃ ላመጣለት ስነሳ ከኋላዬ መጣ። ጣቶቹ ዛሬም ብረት ናቸው፤ ትከሻዬን ይዞ ጨመቀ። እኔም ዞሬ ምን ሆነህ ነው አልኩት።

«ውደቅ እንጂ!» አለኝ ተቆጥቶ።

ወደቅኩለት።